ጭብጨባ የሚቆጥር ስልክ ለማን ይጠቅማል?

የስታዲየም «ሶሻል ሚዲያ» ሐሳብ ያልመጣለት ወጣት ፈጣሪ የቀረ አይመስለኝም። አዳዲስ የቴክኖሎጂ ሐሳቦች የሚቀርቡበት አዳራሽ ገብታችሁ ብትቀመጡ አንዱ የግድ እሱ ነው። አቀራረቡ ራሱ አንድ ዓይነት ሆኗል። መጀመሪያ ጢም ብሎ የሞላ ስታዲየም ፎቶ ይመጣል (ሁሌም የአውሮፓ ነው፤ የኛን ስታዲየም ፎቶ ያመጣ እስካሁን አልገጠመኝም)። ቀጥሎ «ይሄ ሁሉ ሰው ስልክ ይዟል፤ ነገር ግን እርስ በርሱ አልተገናኘም» ይባላል። ከዚያ አፕሊኬሽኑ ይከተላል። ጎል ሲገባ ደጋፊው ስልኩን ይነቀንቃል፣ ጭብጨባው ይቆጠራል፣ የትኛው ጥግ የበለጠ እንደጮኸ በስክሪን ይታያል፣ የጨዋታው ኮከብ ይመረጣል፣ ሰልፊ ይለጠፋል፣ ለስላሳ ከወንበር ሳይነሱ ይታዘዛል። ከታች የስፖንሰሩ ስም ይንሸራተታል። ዳኞቹም ያጨበጭባሉ።

እኔ አላጨበጭብም። ሐሳቡ አይሠራም ብዬ አይደለም፤ አሳምሮ ይሠራል። የማላጨበጭበው ነገሩ ሁሉ የቆመበት ያ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውሸት ስለሆነ ነው።

እስቲ አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይመስክር። ካታንጋ አንድ ነገር ሲል ሚስማር ተራ መልስ አለው። አስጨፋሪው እጁን ሲያነሳ በሺህ የሚቆጠር ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል። ጎል ሲገባ ስሙን የማታውቁት ሰውዬ አንገታችሁን አንቆ ይስማችኋል። ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ከታች ሆና ቆሎውን ታቀብላለች፤ ብሩ በአሥር ሰው እጅ አልፎ ይደርሳታል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። (ሁሌም ሳይጎድል ይመጣል ብዬ አልምልም።) ይሄ ሕዝብ አልተገናኘም ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ «እናንተ ግን ትተዋወቃላችሁ ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

በስታዲየም ውስጥ ያልተገናኘው ሌላ ነው። በር ላይ የተጨናነቀው ሰው ቁልፍ ከያዘው ሰው ጋር አልተገናኘም። ከኋላ የሚገፋው ከፊት ከሚጨፈለቀው ጋር አልተገናኘም። ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት የተሰለፈው ማይክሮፎን ከጨበጠው ጋር አልተገናኘም። ወዳጆቼ፣ ቴክኖሎጂ የምትሠሩ ከሆነ ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው። እናንተ ግን ተገናኝቶ ያለውን ሰው እንደገና ለማገናኘት ትደክማላችሁ፤ ያልተገናኘውን ደግሞ አታዩትም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ከአሜሪካ ነው። እዚያ የነበረው ችግር እውነተኛ ችግር ነበር። የቴሌቪዥኑ ምስል እየጠራ፣ ሶፋው እየተመቸ ሲሄድ ደጋፊው «ምን ቆርጦኝ ነው ብርድ ላይ የምቀመጠው?» ማለት ጀመረ። በፒትስበርግ ከተማ ፕሪያ ናራሲምሃን የምትባል የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከተማሪዎቿ ጋር ሆና ስታዲየም የተቀመጠ ሰው ድጋሚ ምስል በስልኩ የሚያይበትን መንገድ ሠራች፤ በ2009 ይንዝካም የሚባል ድርጅት ሆነ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «ይንዝ» በፒትስበርግ ሰዎች አነጋገር «እናንተ» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስሙ እንኳን ከሰፈር ቋንቋ የተወሰደ ነው። በ2014 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ሌቫይስ ስታዲየም ተከፈተ። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ሲሆን ከ1,000 በላይ የዋይፋይ ማሰራጫዎች ተተክለውለታል። አፕሊኬሽኑ ምግብ እስከ ወንበር ያስመጣ፣ የትኛው መጸዳጃ ቤት ሰልፉ አጭር እንደሆነ ይናገር ነበር።

ጥሩ ነው፤ ለነሱ። እነሱ ከሶፋ ጋር ነው የሚወዳደሩት። የኛ ስታዲየም ከሶፋ ጋር ውድድር ላይ አይደለም ያለው። ከ2021 በኋላ ካፍ ስታዲየሞቻችንን አልቀበልም ብሎን ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት አይተናል። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ጣፋጭ ቀን ሜዳው የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የሌቫይስን አፕሊኬሽን አምጥቶ እዚህ መትከል፣ ጣሪያ ለሌለው ቤት መጋረጃ መምረጥ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጆን ፍሩን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሕይወቱን ሙሉ የሰው ብዛት ሲያጠና ኖሯል። ከጻፋቸው ነገሮች ውስጥ ሁለቱ ከአእምሮዬ አልወጡም። አንደኛው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ሰው ገደማ ሲቆም ሕዝቡ ሕዝብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ውኃ ይሆናል፤ ማንም በራሱ ፈቃድ መቆምም መሄድም አይችልም። ሁለተኛው፣ በመጨፍለቅ አደጋ ውስጥ ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ምን እየሆነ እንዳለ አያውቅም። ፊት ያለው ይታፈናል፣ ይጮኻል፤ ኋላ ያለው ጩኸቱን ሲሰማ የደስታ መስሎት ይባስ ይገፋል። ሰው የሚሞተው ክፉ ሰው ስለገፋው አይደለም፤ ወሬ ከፊት ወደ ኋላ ስላልደረሰ ነው። እንግዲህ ይሄ የመገናኛ ችግር ካልሆነ ምን የመገናኛ ችግር ነው? «ሶሻል ሚዲያ» የሚለው ቃል በስታዲየም ውስጥ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው እኮ።

ጥር 2022 ላይ ያውንዴ የሚገኘውን ኦሌምቤ ስታዲየም አስታውሱ። እኛ ራሳችን ጥር 13 ቀን ካሜሩንን የገጠምንበትና 4 ለ 1 የተሸነፍንበት ሜዳ ነው። ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ሲያገባ የጮኽነውን ጩኸት የማይረሳ የለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብንረሳው ይሻላል። ከዚያ ጨዋታ 11 ቀን በኋላ ካሜሩን ከኮሞሮስ ስትጫወት በዚያው ስታዲየም መግቢያ ላይ 8 ሰዎች ተጨፍልቀው ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ራሳቸው በማግስቱ ወጥተው በሩ መከፈት እንደነበረበት፣ ለምን እንደተዘጋ ግን ምክንያቱ እንደማይገባቸው ተናገሩ። በሩ መዘጋቱን ግን የሚያውቅ ሰው ነበረ። ፊት ለፊቱ የቆሙት በሙሉ ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ስልክ ይዘዋል። የሚደውሉበት ቁጥር ነው ያልነበራቸው።

አሁን ደግሞ ፓሪስ እንሂድ፤ ምክንያቱም «ድህነት ነው፣ አፍሪካ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግንቦት 28 ቀን 2022፣ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ፣ ስታድ ደ ፍራንስ። እንደኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት መጀመር የነበረበት ጨዋታ 36 ደቂቃ ያህል ዘገየ። የስታዲየሙ ስክሪን ምክንያቱን ጻፈ፤ ደጋፊዎች አርፍደው ስለመጡ ነው አለ።

በዚያ ሰዓት ውጭ ምን ነበር? ከባቡር የወረደው የሊቨርፑል ደጋፊ በጠባብ መተላለፊያ ላይ እንዲታጎር ተደርጓል። ከሰዓታት በፊት የደረሱ ሰዎች በተዘጋ በር ፊት ቆመዋል። ሕፃን ልጅ ይዘው የመጡ፣ በዊልቸር የመጡ ሰዎች አስለቃሽ ጭስ ተረጭቶባቸዋል። ይሄንን እንዴት አወቅን? ከስክሪኑ አይደለም። ሰልፉ ላይ የነበሩ ደጋፊዎችና በመካከላቸው የታጎሩ ጋዜጠኞች ሰዓትና ቦታ እየጠቀሱ፣ ቪዲዮ እየለጠፉ በትዊተር ላይ ስለጻፉ ነው። ስክሪኑ «አርፍደዋል» ሲል፣ «እኔ ከዚህ በር ፊት ከቆምኩ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነኝ» የሚሉ ምስክሮች ከነፎቷቸው ተሰልፈው ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ዤራልድ ዳርማናን ከ30,000 እስከ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ቲኬት ወይም በሐሰተኛ ቲኬት መጥተው ነበር አሉ። በኋላ ሲቆጠር በመግቢያ ማሽኖቹ የተያዙት ሐሰተኛ ቲኬቶች 2,600 ገደማ ነበሩ። የስታዲየሙ የራሱ ካሜራ የቀረጸውስ? በሰባት ቀን ውስጥ የፍትሕ አካል ስላልጠየቀው በራሱ ጊዜ ጠፋ! በዚያ ሁሉ ሽቦና ካሜራ መካከል ሳይጠፋ የቀረው የደጋፊው ቪዲዮ ነው። የሊቨርፑል ክለብ የምስክርነት ቅጽ በኢንተርኔት ከፍቶ በሺህ የሚቆጠሩ ቃሎች ሰበሰበ። የፈረንሳይ ሴኔት በሐምሌ 2022 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በደጋፊው ላይ መለጠፉ ተገቢ እንዳልነበረ አስታወቀ። በየካቲት 2023 ደግሞ ዩኤፋ ራሱ ያቋቋመው ገለልተኛ መርማሪ ቡድን ዋናው ተጠያቂ ዩኤፋ መሆኑን ጻፈ። ያው ሪፖርት ሌላም ነገር ይላል፤ ያን ቀን የከፋ እልቂት ሳይደርስ የቀረው ምናልባትም በሊቨርፑል ደጋፊዎች እርስ በርስ መተጋገዝ ነው ይላል። አልተገናኘም የተባለው ሕዝብ ማለት ነው።

እነዚህ ደጋፊዎች ለምን እንደዚያ ተረጋጉ ብትሉ፣ የወላጆቻቸውን ታሪክ ስለሚያውቁ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም የተጨፈለቁት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ናቸው፤ የሟቾቹ ቁጥር 97 ደርሷል። የዚያን ጊዜ በደጋፊ ኪስ ውስጥ ካሜራ አልነበረም። ፖሊስ ደጋፊዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ አለ፤ በሩን ያስከፈተው ፖሊስ ራሱ ነበር። ከ160 በላይ የፖሊሶች የምስክርነት ቃል ተቀይሮ እንደነበር በይፋ የታወቀው በ2012 ነው፤ ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸው በፍርድ የተረጋገጠው በ2016። ከ1989 እስከ 2016 ቁጠሩት። በፓሪስ የተነገረው ውሸት ግን በዚያው ሌሊት መፈራረስ ጀመረ። ልዩነቱን ያመጣው ደጋፊው የያዘው ስልክ ነው፤ ስልኩም የስታዲየሙ ባለቤት አልነበረም።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። ደጋፊው ያን ምሽት በዩኤፋ ወይም በስታዲየሙ አፕሊኬሽን ውስጥ ብቻ እንዲናገር ተደርጎ ቢሆን ኖሮስ? ቪዲዮው በማን እጅ ይቀር ነበር? በሰባት ቀን ከጠፋው ካሜራ አጠገብ ነዋ!

የኔን ቢጤ ሰው አቤቱታም ልጨምር። ስሙን በማልጠቅሰው ስታዲየም፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትልቅ ጨዋታ ቀን፣ ለልምምድ ዘገባ ወጥቼ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በር ላይ ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ በድንገት ወደ ሌላ በር ዞረ። ማን እንዳዞረው አይታወቅም። ሕዝቡ ሲዞር እኔ ከብረቱ አጥርና ከሰው ጀርባ መካከል ተጣበቅሁ። የፖሊስ ዱላ ከላይ ያርፋል፤ ከኋላ ደግሞ እጁን የት እንደሚልክ የሚያውቅ ባለጌ አለ። ሴት ሆና ስታዲየም የገባች የምለው ይገባታል። ጩኸቴን የሰሙ ሁለት ጎልማሶች «እህታችንን አሳልፉ!» ብለው በክንዳቸው ከለሉኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በማግስቱ ለሚመለከተው ክፍል ስናገር ምን ተባልኩ መሰላችሁ? «አንቺ ልጅ፣ ቲኬት ሳይኖራቸው የመጡ ናቸው የረበሹት።» ቲኬቴ እኮ እጄ ላይ ነበር። የስንት ሰዓት፣ የየትኛው በር፣ ስንት ሰው ብለው የጠየቁኝ ነገር የለም። የሚጽፉበት ወረቀትም አላየሁም።

ስለዚህ አንድ ወጣት መጥቶ «ሴቶች በስታዲየም ደስ የሚላቸውን ስሜት በአርማ የሚገልጹበት» ገጽ አለን ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ስሜቴን የምገልጽበት አርማ አላነሰኝም። የሚያንሰኝ «5ኛ በር፣ አሁን፣ እየታፈንን ነው» ብዬ የምልክበትና ሌላው የሚያየው ቦታ ነው።

ይሄ የማይሠራ ሕልም አይደለም። የዘር ስድብን የሚዋጋው የእንግሊዙ ኪክ ኢት አውት በ2013 ደጋፊ የሰማውን ስድብ ከመቀመጫው የሚጠቁምበት አፕሊኬሽን አውጥቷል። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግም በ2008 የደጋፊዎች ሥነ ምግባር ደንብ ካወጣ ወዲህ ብዙ ክለቦች በስታዲየማቸው ውስጥ ለረባሽ መጠቆሚያ የሚሆን የቴክስት ቁጥር ከፍተዋል። እነዚህ ሁለቱ ደጋፊው ሌላውን ደጋፊ የሚከስባቸው ናቸው፤ አንድ እርምጃ ቀርቷቸዋል። ደጋፊው በሩን፣ አስተናባሪውን፣ ፖሊሱን፣ አዘጋጁን የሚከስበት መንገድ ገና ነው። እዚህ ላይ አንደኛ መሆን እንችላለን፤ ለዚህ ደግሞ 1,000 ዋይፋይ አያስፈልግም።

እንዴት? መጀመሪያ የኔትወርኩን ነገር አስቡ። በትልቅ ጨዋታ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድና ሁለት አንቴና ሥር ተቀምጦ እኩል ቪዲዮ ሲልክ ኢንተርኔቱ ይሞታል፤ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን የሚሄደው ስልኩ ከአንቴናው ጋር በሚነጋገርበት ጠባብ መስመር ስለሆነና ክብደቱም ኢምንት ስለሆነ፣ ዘግይቶም ቢሆን የመድረስ ዕድሉ ከቪዲዮ በእጅጉ ይበልጣል። በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው መልእክት በኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ «ሦስተኛ በር ተዘግቷል። ሕፃናት አሉ። ከኋላ አትግፉ።» ለማለት ግን 70 ይበቃል፤ ይተርፋልም። ቲኬቱ ላይ ቁጥር አለ፤ መልእክቱ ከዚያ ቁጥር ጋር ሲላክ ሰውየው እውነት እዚያ ስታዲየም የገባ ወይም ሊገባ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ከአንድ በር አሥር መልእክት ሲመጣ በድምፅ ማጉያው «የ3ኛ በር ተሰላፊዎች ባላችሁበት ቁሙ» ይባላል። ፍሩን የጎደለ ያለው የፊትና የኋላ ንግግር ይሄው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። መልእክቱ በማን እጅ ይቀመጣል? መልሳችሁ «ከክለቡ ጋር በመተባበር» ከሆነ ሥራችሁን ጨርሳችሁ አበላሻችሁት። ቅጂው በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቦታ መውደቅ አለበት፤ አዘጋጁ ዘንድ፣ የደጋፊዎች ማኅበር ዘንድ፣ ሊያየው ለሚፈልግ ጋዜጠኛም ክፍት በሆነ ቦታ። አንዱ ቢሰርዘው ሌላው ያሳያል። የላኪው ስልክ ቁጥር ግን ለማንም መታየት የለበትም። ይሄንን በጥብቅ ነው የምለው። እኛ አገር ሲም ካርድ በመታወቂያ ነው የሚወጣው። ስታዲየም ደግሞ በዚህ አገር ሰው ቢሮው ውስጥ የማይለውን፣ ታክሲ ውስጥ ዞር ብሎ አይቶ የሚለውን ነገር ከሃያ ሺህ ሰው ጋር አብሮ በዜማ የሚልበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ስምህን፣ የወንበርህን ቁጥርና የጮኽክበትን ሰዓት አንድ ላይ የሚመዘግብ «ጭብጨባ ቆጣሪ» ሌላ ስምም ሊወጣለት ይችላል። ማን ዘመረ፣ የት ተቀምጦ ዘመረ፣ ስንት ጊዜ ዘመረ። የሐሳቡ ባለቤቶች ይሄን አስበው አይደለም የሠሩት፤ አውቃለሁ። አለማሰባቸው ነው የሚያስፈራኝ።

«ወሬና ጥላቻ ይነዛበታል» የሚሉኝን እሰማለሁ፤ በዚህ ላይ አልቀልድም። በ2018 እና 2019 ጨዋታ በደጋፊ ግጭት ሲቋረጥና ሲራዘም፣ ክለብ በብሔር ዓይን ሲታይ፣ ስታዲየም ያልነበረ ሰው ከቤቱ ሆኖ «ልጆቻችንን ፈጇቸው» እያለ በፌስቡክ ሲያቀጣጥል አይተናል። ግን አስተውሉ። ያ ወሬ የተነዛው እዚያ ባልነበሩ ሰዎች ነው፤ ቦታውም ሰዓቱም በማይታወቅ ፎቶ። እዚያ የነበረው ሰው የሚናገርበት የታመነ ቦታ ስላልነበረ ሜዳው ላልነበረው ሰው ተለቀቀለት። ቲኬት የያዘ፣ በር ቁጥር የሚጠቅስ፣ 70 ፊደል ብቻ ያለው ምስክር ለወሬኛ የማይመች ነገር ነው። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ ቆሞ አያውቅም፤ በ2020 ክረምት ለሳምንታት ተዘግቶ ሳለ የሰማነውን ወሬ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ደግሞ «ስፖርት ጋዜጠኛ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» ብሎ የጠየቀኝ የክፍል ጓደኛዬ አለ። እኔም የምጠይቀው ይሄንኑ ነው። አብዛኛው የስፖርት ዘገባችን የሚጻፈው ከጥላ ፎቅ ነው። ከጥላ ፎቅ በር አይታይም። ሜዳው፣ አሠልጣኙና ክቡር እንግዳው ይታያሉ። ጨዋታው «በሰላም ተጠናቀቀ» ብለን የምንጽፈው ከዚያ ላይ ሆነን ያየነውን ነው። በር ላይ ጫማው የቀረ ሰው ዘገባችንን ሲያነብ ምን እንደሚለን መገመት አይከብድም።

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ «ማን ይከፍላል?» ይላሉ ዳኞቹ ብዕራቸውን እያሽከረከሩ። ለጭብጨባ ቆጣሪው የለስላሳ ፋብሪካ ይከፍላል፤ እሺ። ለዚህኛውስ? ደጋፊ በረበሸ ቁጥር ክለብ ቅጣት ይከፍላል፣ ጨዋታው በዝግ ስታዲየም ይደረግና የቲኬቱን ገቢ ያጣል። ለአንድ ጨዋታ በዝግ ስታዲየም ከሚጠፋው ገቢ ላይ ጥቂቱ አንድ የቴክስት ቁጥርና ሁለት ተረኛ ሠራተኛ ያቆማል። ክለቡ አልከፍልም ካለ የደጋፊዎች ማኅበራት አባልነት ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ማሊያ ይሸጣሉ፤ ለሩቅ ጨዋታ አውቶቡስ የሚከራዩት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ከክለቡ በፊት እነሱን አነጋግሩ። እኔ ሁለት አስጨፋሪዎችን ሐሳቡን ነግሬ ጠይቄያለሁ። አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ፤ የተከፈተ መስሎት።